የቶርክ ማኔጅመንት ኮድ፦ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲኮራረፉ

የአንድ ወዳጄ መኪና ማርሽ በቀየረች ቁጥር መማታት ጀመረች። አውቶማቲክ ናት። ከሁለት ወደ ሦስት ስትገባ ከኋላ የሆነ ሰው የገጫት ነው የሚመስለው። በማግስቱ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ፤ መኪናዋም ጉልበቷን ዋጠችው። ስካነር (የመኪና ኮድ ማንበቢያ) ተሰካ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ፒ2544 የሚል ኮድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ማብራሪያ ሲተረጎም «የቶርክ ማኔጅመንት ጥያቄ መግቢያ ሲግናል» እንደማለት ነው።

ይህን ሐረግ ሦስት ጊዜ አነበብነው። ሦስቱንም ጊዜ ምንም አልገባንም።

መካኒኩ ግን ብዙም አልተጨነቀም። «ማርሽ ሲቀይር የሚማታው ካምቢዮ ነው፤ ኮዱም የካምቢዮ ነው፤ የካምቢዮው ኮምፒውተር ይቀየር» አለ። ያገለገለ ኮምፒውተር ተፈልጎ ተገጠመ። መኪናዋ ሁለት ቀን ደህና ዋለች። በሦስተኛው ቀን ያው ኮድ ተመለሰ፤ ያውም ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ።

መጨረሻ ላይ ምን እንደተገኘ በኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምክንያቱም ይህ ኮድ ብዙ ሰው ያለጥፋቱ ካምቢዮ እንዲያስፈታ ያደርጋል። ኮዱ የተበላሸ ዕቃ ስም እየጠራ አይደለም። «አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው የላከው መልእክት በትክክል አልደረሰም» ነው የሚለው። መልእክት ደግሞ የሚጠፋው በላኪው ጥፋት ብቻ አይደለም። መንገዱም አለ፣ ተቀባዩም አለ። ሁሉንም የሚያኖራቸው ባትሪም አለ።

ፔዳሉ ከአዛዥነት ወደ ጠያቂነት

ቶርክ የማዞር ጉልበት ነው። የጎማ ብሎን ለመፍታት ቁልፉን ስትጫኑ የምታደርጉት እሱኑ ነው። ክንዱ የረዘመ ቁልፍ ብሎኑን በቀላሉ የሚፈታውም ለዚህ ነው። የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። አንድ ሜትር በሚረዝም ክንድ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ብታንጠለጥሉ ወደ 98 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አንድ መለስተኛ የቤንዚን ሞተር የዚህን እጥፍ ያህል ያወጣል ብላችሁ አስቡት።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ነዳጅ መርገጫው በሽቦ ከሞተሩ የአየር በር፣ ማለትም ከትሮትሉ ጋር ይገናኛል። ስትረግጡ ይከፈታል፣ ስትለቁ ይዘጋል። በመሃል ማንም አይገባም። አዛዡ እግራችሁ ነበር።

አሁን በአብዛኛው መኪና ላይ ያ ሽቦ የለም። ፔዳሉ ላይ ያሉ ሴንሰሮች (ለጥንቃቄ ሲባል ሁለት ናቸው) ምን ያህል እንደረገጣችሁ ለሞተሩ ኮምፒውተር ይነግሩታል። ኮምፒውተሩም እርግጫችሁን ወደ ቶርክ ይተረጉመዋል። «ይህ ሰው 150 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል» ይላል። ከዚያ ምን ያህል አየር፣ ምን ያህል ነዳጅ፣ ካንዴላው መቼ እሳት ይስጥ የሚለውን ራሱ ያሰላል። ቦሽ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ኤምኢ7 የተባለው የሞተር መቆጣጠሪያ በዚህ ስሌት ላይ ከተገነቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ዛሬ የአብዛኛው መኪና አሠራር ይህ ነው።

ለምን ቶርክ ተመረጠ? ጠያቂው ስለበዛ ነው።

እናንተ በፔዳሉ ትጠይቃላችሁ። ክሩዝ ኮንትሮል ካበራችሁ እሱም ይጠይቃል። የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር ሲነሳ «ትንሽ ጨምርልኝ» ይላል። ጎማ ሲንሸራተት የትራክሽን ኮንትሮሉ «ቶሎ ቀንስ» ይላል። ሞተሩ ሲግል ራሱን ለማትረፍ የሚቀንስ ሌላ ክፍል አለ። ካምቢዮውም የራሱ ጥያቄ አለው። ብዙ አዛዥ ባለበት ቤት አንድ የጋራ ቋንቋ ከሌለ ትርምስ ነው። ቶርክ ያ የጋራ ቋንቋ ሆነ። ሁሉም በኒውተን ሜትር ወይም በመቶኛ ይጠይቃል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ጥያቄዎቹን አመዛዝኖ አንድ ውሳኔ ያሳልፋል። ቶርክ ማኔጅመንት የሚባለው ይኸው ማመዛዘን ነው።

ከሁለት ወደ ሦስት ስትገባ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ እንበል። የኮዱ ነገር ሁሉ የሚገባው ይህች ግማሽ ሰከንድ የማትሞላ ጊዜ ስትገባ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ እየዞረ በሁለተኛ ማርሽ ላይ ነን እንበል። ሦስተኛ ሲገባ የመኪናው ፍጥነት ያው ነው፤ የሞተሩ ዙር ግን መውረድ አለበት፤ ለምሳሌ ወደ 2100። በዚያች ቅጽበት ካምቢዮው ውስጥ አንዱ ክላች ይለቃል፣ ሌላው ይይዛል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየገፋ ከሆነ አዲስ የሚይዘው ክላች ሁለት ሥራ ይደራረብበታል። መኪናዋን መግፋትም አለበት፣ የሞተሩን ትርፍ ዙር መዋጥም አለበት። ያኔ ወይ ይንሸራተትና ይቃጠላል፣ ወይ በኃይል ይይዝና ወንበራችሁ ላይ ያስዘልላችኋል።

ስለዚህ የካምቢዮው ኮምፒውተር አስቀድሞ ለሞተሩ ይልካል። «አሁን ልቀይር ነው፤ ለአፍታ ከ200 ወደ 120 ዝቅ በልልኝ» እንደማለት። ሞተሩ ይቀንሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ ጉልበቱ ይመለሳል። ሹፌሩ ምንም አይሰማውም። ጥሩ ካምቢዮ «ለስላሳ» የሚባለው ከጥራቱ በተጨማሪ ሞተሩ በልክና በሰዓቱ ስለሚታዘዝለት ነው።

የሞተሩ ኮምፒውተር ጉልበት የሚቀንስበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ትሮትሉን መዝጋት ይችላል፤ ግን ይህ ቀርፋፋ ነው። በሩ ቢዘጋም በአየር ማስገቢያው ውስጥ ቀድሞ የገባው አየር ተስቦ ማለቅ አለበት። ፈጣኑ መንገድ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት ማዘግየት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። በደቂቃ 3000 ዙር ማለት በሰከንድ 50 ዙር ነው። ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ማለትም በየ10 ሚሊሰከንዱ አንድ እሳት አለ። እሳቱን ለማዘግየት የሚመጣውን ካንዴላ መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አየር እስኪያልቅ አይጠበቅም። ሲብስ ደግሞ፣ በተለይ ጎማ በኃይል ሲንሸራተት፣ ለአንዳንድ ሲሊንደሮች ነዳጅ እስከ መንፈግ ይደርሳል። ናፍጣ ሞተር ላይ ካንዴላ ስለሌለ ሥራው በቀጥታ የሚረጨውን ነዳጅ በመቀነስ ያልቃል።

አሁን መልእክቱ ባይደርስስ?

የካምቢዮው ኮምፒውተር ጠይቆ መልስ ካጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክላቹ ተንሸራትቶ እንዳይቃጠል የዘይቱን ግፊት ከፍ አድርጎ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ያ ከኋላ የተገጨን ያህል የሚሰማን ምት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ካምቢዮው ራሱን እየተከላከለ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተርም በበኩሉ «ከካምቢዮ የሚመጣው ጥያቄ አይታመንም» ብሎ ኮዱን ይመዘግባል፤ አንዳንዱ መኪና ላይ ጉልበቱንም ይገድባል። በጋራዥ ቋንቋ «ሊምፕ ሞድ ገባች» የሚባለው ይህ ነው። ማንከስ ማለት ነው፤ ቤት ለመድረስ ያህል ብቻ ትሄዳለች።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ምን ይናገራሉ?

በፒ የሚጀምር ኮድ የሞተርና የካምቢዮ ወገን ነው። በሲ የሚጀምረው የፍሬንና የመሪ፣ በቢ የሚጀምረው የአካል፣ በዩ የሚጀምረው ደግሞ የኮምፒውተሮች ግንኙነት ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ 0 ካለ ኮዱ ለሁሉም አምራች የጋራ ነው፤ 1 ከሆነ አምራቹ ለራሱ ያወጣው ነው። ፒ2 የሚሉትም የጋራ ናቸው። ስለዚህ ፒ2544 ማንኛውም መኪና ላይ በመሠረቱ አንድ ነገር ነው።

ወንድሞችም አሉት። ፒ2545 ሲሆን መልእክቱ ደርሷል፣ ይዘቱ ግን ከሚጠበቀው ውጭ ነው። ፒ2546 ሲግናሉ ከልክ በታች፣ ፒ2547 ከልክ በላይ ነው። ከ2548 እስከ 2551 ያሉት ያንኑ ለሁለተኛው ሲግናል ይደግሙታል። ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ። «ዝቅተኛ» ወይም «ከፍተኛ» የሚል ከመጣ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ከሌላ ነገር ጋር ተነካክቷል ብሎ መነሳት ይቻላል። «ከሚጠበቀው ውጭ» የሚለው ግን ተንኮለኛ ነው። ሽቦው ደህና ሆኖ ቁጥሩ ብቻ የተዛባበት ሊሆን ይችላል።

መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ

ቀደም ባሉ መኪናዎች የቶርክ ጥያቄ የራሱ ሽቦ ነበረው። አንዱ ኮምፒውተር በዚያ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ እያበራና እያጠፋ፣ የመብራቱንና የመጥፋቱን ጊዜ በማመጣጠን መጠኑን ይናገር ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ይህ ኮድ ከመጣ ፍለጋው ቀና ነው። ያንን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ነው።

አሁን ግን አብዛኛው ወሬ የሚያልፈው ካን በሚባል የጋራ መስመር ነው። ካንን ቦሽ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ለሕዝብ ያስተዋወቀው በ1986 ዲትሮይት ላይ ነው። በ1991 መርሴዲስ በኤስ ክላስ መኪናው ላይ አዋለው። አሜሪካ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ለምርመራ ካንን እንዲጠቀም አስገደደች። መስመሩ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው። በነዚህ ሁለት ሽቦዎች ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ሁሉም ያወራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ሁለት እኩል ከጀመሩ አጣዳፊው ቅድሚያ ያገኛል።

የቶርክ ጥያቄ በዚህ መስመር በሰከንድ በአሥሮች ለሚቆጠር ጊዜ ይላካል። ቁጥሩ ብቻውን አይሄድም። ብዙ ጊዜ «ይህ ስንተኛው መልእክት ነው» የሚል ቆጣሪና የማረጋገጫ ድምር አብሮት አለ። የሞተሩ ኮምፒውተር ቆጣሪው ሲዘል ካየ ወይም ድምሩ አልገጥም ካለው መልእክቱን አያምንም። መጠራጠሩ ልክ ነው። ጉልበት የሚያስጨምርና የሚያስቀንስ መልእክት በስህተት ቢታመን መዘዙ መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በጋራ መስመር ላይ የአንዱ መልእክት ሲጠፋ ጥፋቱ የማን ነው? ላኪው ሞቶ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ላይ የተቀመጠ ሦስተኛ፣ ምንም የማያገባው ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሁሉንም እየረበሸ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ይህንን አይነግራችሁም። ኮዱን ብቻ አይቶ ካምቢዮ ማውረድ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ማን ነው?

እኔን ከጠየቃችሁ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ግራውንዱን እጠረጥራለሁ። ሰው ይህን ስነግረው ቅር ይለዋል። እንዲህ ያለ ረጅም ስም ያለው ኮድ በአንድ ዝገት ይመጣል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ነገር ግን ኮምፒውተር ቮልቴጅ ሲያጣ አይሞትም፤ ይንተባተባል። ለቅጽበት ይጠፋና ይመለሳል። ሌሎቹ ደግሞ «እገሌ ጠፋ» ብለው ይመዘግባሉ። ባትሪ አዳሩን አርፎ ሲለካ ሙሉ ከሆነ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 መሆን አለበት። አዳዲስ መኪናዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብለው ዝቅ የሚያደርጉበት ጊዜ ስላለ አንድ ንባብ አይታችሁ አትደናገጡ።

ግራውንድ የሚባለው ከሞተሩ፣ ከካምቢዮውና ከኮምፒውተሮቹ ተነስቶ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መንገድ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በመልቲሜትር ኦም ለክተው «ደህና ነው» ማለታቸው ነው። ከአሥር ክሮች ዘጠኙ የተበጠሱበት ገመድ በኦም ሲለካ ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ጭነት ሲመጣበት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራትና ማቀዝቀዣው በርተው፣ መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጎ በባትሪው ኔጌቲቭና በኮምፒውተሩ ግራውንድ መካከል መለካት ነው። ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ ችግር አለ።

ከዚያ ሶኬቶች ይመጣሉ። ውሃ የገባበት፣ ፒኑ አረንጓዴ ዝገት ያወጣ፣ በቅርብ ለሌላ ሥራ ተነቅሎ በደንብ ያልተመለሰ። አይጥ የቀረጠፈችው ሽቦም ተረት አይደለም፤ የቆመ መኪና ሞቃት ሞተር ለአይጥ ጥሩ መኝታ ነው። ሽቦ ከብረት ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ሽፋኑ የተላጠበትም ያጋጥማል። እንዲህ ያለው መኪናዋ ስትንገጫገጭ ብቻ ኮድ ያወጣና ጋራዥ ስትቆም ንጹሕ ትሆናለች። መካኒክ የሚያብደው በዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ የለም አልልም። አለ። አንዳንዴም ዕቃው ደህና ሆኖ የሶፍትዌር ስህተት ይሆንና አምራቹ ማሻሻያ ያወጣለታል። ግን እዚህ የሚደረሰው የቀረው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

የሚምታታው ሌላው ቤተሰብ

ፒ061ኤ እና ፒ061ቢ የሚባሉ ኮዶችም ማብራሪያቸው ላይ ቶርክ የሚል ቃል ስላለ ከፒ2544 ጋር ሲደባለቁ አያለሁ። ነገራቸው ለየት ይላል። እነዚህ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ስላለ ወሬ አይደሉም። የሞተሩ ኮምፒውተር ከራሱ ጋር የሚያደርገው ሂሳብ አልገጥም ሲለው የሚመጡ ናቸው።

የሞተር ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ሂሳብ ጎን ለጎን ይሠራል። አንዱ ሞተሩን ይነዳል። ሌላው ቁጭ ብሎ «ሹፌሩ ይህን ያህል ብቻ ረግጦ ሞተሩ ለምን ያን ያህል ያወጣል?» እያለ ይቆጣጠራል። ሦስተኛ ደረጃ ደግሞ የኮምፒውተሩ ቺፕ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ይፈትሻል። የተፈቀደውና የተገኘው ቶርክ ካልተቀራረቡ ጉልበት ይገደባል። መኪና በራሷ እንዳትፈተለክ የተሠራ ጥበቃ ነው፤ ጥሩ ጥበቃም ነው።

የተገኘው ቶርክ የሚሰላው በዋናነት ከገባው አየር ነው። ስለዚህ የአየር መለኪያው ሴንሰር ከቆሸሸ፣ በሴንሰሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚያሾልክ ቱቦ ካለ፣ ወይም ትሮትሉ ጥቀርሻ ከያዘ ሂሳቡ ይዛባል። ጉልበት ለመጨመር ተብሎ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የተነካካበት መኪና ላይም ይህ ኮድ ሊመጣ ይችላል። ፕሮግራሙን የቀየረው ሰው የሚነዳውን ሂሳብ ቀይሮ የሚቆጣጠረውን ካላስተካከለ ሁለቱ መጣላታቸው አይቀርም።

ከየት ይጀመር?

ከሁሉ በፊት ኮዱን አታጥፉት። ይህን ደጋግሜ ነው የምለው። ኮድ ሲመዘገብ አብሮት ፍሪዝ ፍሬም የሚባል ቅጽበታዊ ፎቶ ይቀመጣል። በዚያች ሰዓት የሞተሩ ዙር፣ የመኪናው ፍጥነት፣ ሙቀቱ፣ አንዳንዴም ቮልቴጁ ስንት እንደነበር ይናገራል። ኮዱን ስታጠፉት ፎቶውም አብሮ ይጠፋል። ማስረጃውን አቃጥሎ ሌባ መፈለግ ነው።

ቀጥሎ ሙሉ ስካን። የሞተሩን ብቻ የሚያነብ ርካሽ ስካነር እዚህ ላይ ያታልላል። ካምቢዮውም፣ ኤቢኤሱም፣ ሌላውም ኮምፒውተር መጠየቅ አለበት። ፒ2544 ብቻውን ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከሱ ጋር ዩ0101 (ከካምቢዮው ኮምፒውተር ጋር ግንኙነት ጠፋ) ካለ ወሬው ስለ መስመር ወይም ስለ ኃይል ነው። ዩ0121 ካለ የጠፋው ኤቢኤሱ ነው። ብዙ የዩ ኮዶች በአንድ ላይ ከመጡ ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ቀን አይሞትምና ባትሪና ግራውንድ፣ ወይም መስመሩ ነው። ፒ0700 ከመጣ ደግሞ ካምቢዮው «እኔ ጋ ሌላ ኮድ አለ፤ መጥታችሁ አንብቡ» እያለ ነው።

መስመሩን ለመፈተሽ ከመሪው ሥር ያለችው ባለ 16 ፒን ሶኬት ትበቃለች። ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በፒን 6 እና በፒን 14 መካከል ኦም ይለካል። 60 አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው። ምክንያቱም በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች አሉ፤ ጎን ለጎን ሲቆጠሩ 60 ይሆናሉ። 120 ካያችሁ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። አዳዲስ መኪናዎች ላይ ግን በሶኬቱና በውስጡ መስመር መካከል በረኛ የሆነ ኮምፒውተር ሊኖር ይችላል። ያኔ የምትለኩት እስከ በረኛው ያለውን ብቻ ነው። ከውስጥ ያለውን መስመር ለመለካት የመኪናዋን የሽቦ ሥዕል ይዞ መግባት ያስፈልጋል።

አንድ የምወደው ሙከራ አለ። ላይቭ ዳታ (ስካነሩ መኪናዋ እየሠራች የሚያሳየው ንባብ) ላይ በብዙ መኪናዎች ሹፌሩ የጠየቀው ቶርክና ሞተሩ የሰጠው ቶርክ በመቶኛ ይታያሉ። ሁለቱን በግራፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ መኪናዋን ሌላ ሰው ይንዳ። ጤነኛ መኪና ላይ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የተሰጠው መስመር ለአፍታ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። ያቺ ጎድጓዳ ካለች ካምቢዮው ጠይቋል፣ ሞተሩም ሰምቷል። ከሌለችና መኪናዋ ከተማታች ግን ንግግሩ ተቋርጧል። ስካነሩ ቀርፋፋ ከሆነ ጎድጓዳዋን ሊስታት ስለሚችል በአንድ ጊዜ ብዙ ዳታ አትክፈቱ፤ ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ።

እየነዱ መሄድ ይቻላል? መኪናዋ ብትሄድም ነገሩን አታቆዩት። በየማርሹ የሚመታ ካምቢዮ ደህና ቢሆንም እንኳ ሲሰነብት ይጎዳል። የትራክሽን መብራት አብሮ ከበራ በዝናብ ጊዜ የሚያግዛችሁ የለም፤ እንደዚያው ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ይህ ሌላ ታሪክ ነው። ሞተሩ በትክክል እያቃጠለ አይደለም፤ ቆም በሉ።

በረኛውና ያገለገለው ኮምፒውተር

ጉዳዩ ወደ ፊት እየቀለለ አይሄድም። ፊያት ክራይስለር ከ2018 ሞዴል ጀምሮ በብዙ መኪናዎቹ ላይ ያልተመዘገበ ስካነር ኮድ እንዳያጠፋ የሚከለክል በረኛ አስገብቷል። ሌሎችም ተከትለዋል። ምክንያታቸው ከጠላፊ መከላከል ነው፤ ሐሳቡም ውሃ ያነሳል። ግን ለትንሽ ጋራዥ ሥራ ጨመረበት። ኮድ ማንበብ ተፈቅዶለት መፈተሽ የተከለከለ መካኒክ ዕቃ እየቀየረ መገመት ይቀናዋል።

ያገለገለ ኮምፒውተር ገጥሞ መሄድም እንደ ድሮው አይደለም። የካምቢዮው ኮምፒውተር የመኪናዋን መለያ ቁጥር፣ የሞተሩን ዓይነትና የቶርክ መጠን ሊይዝ ይችላል። ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር በፕሮግራም ካልተስማማ ሞተሩ የሚናገረውን ቁጥር በሌላ ልክ ሊረዳው ይችላል። ያኔ የነበረው ኮድ ሳይጠፋ አዲስ ይጨመርበታል። ወዳጄ ላይ «ሁለት ጓደኞች» ይዞ የተመለሰውም ከዚህ የተነሳ ነው።

የሱ መኪና መጨረሻ እንዲህ ሆነ። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ሰውየው ስካነሩን ሳያነሳ «በቅርቡ ምን ተነካ?» ብሎ ጠየቀ። ወዳጄ አስቦ አስቦ «ባትሪ ቀይሬያለሁ» አለ። ኮዱ ከመምጣቱ አራት ቀን በፊት። ሰውየው ኮፈኑን ከፈተ፣ ከባትሪው ማስቀመጫ አጠገብ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረች ግራውንድ ላይ እጁን አሳረፈ። ብሎኗ በጣት ዞረች። የካምቢዮው ኮምፒውተር ግራውንድ እዚያው ላይ ነው የታሰረው። ማርሽ ሲቀየር ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የዘይት ቫልቮች) ኤሌክትሪክ ሲስቡ፣ ኮምፒውተሩ በላላችው ብሎን ምክንያት ለአፍታ ይጠፋ ነበር። መልእክቱ የሚቋረጠው በዚያችው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው መካኒክ ኮምፒውተሩን ሲቀይር ሽቦዎቹን ስለነካካ ብሎኗ ለሁለት ቀን ያዝ አድርጋ ነበር።

ተፋቀች፣ ጠበቀች። የድሮው ኮምፒውተር ወደ ቦታው ተመለሰ። በግራፉ ላይ ጎድጓዳዋ ታየች። ያገለገለው ኮምፒውተር አሁንም መኪናዋ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሻጩ አልመልስም ብሏል።